ሁለት ጣት የጠበበ ቀሚስ

ሐዋሳ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሳያት፣

ነፋሱንም ሐይቁንም በቃሉ ጸጥ የሚያደርግ ጌታ ደጅሽን በሰላም ይጠብቅልኝ። እንዴት ከርመሻል? ሥራሽስ? የምትጦሪያቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ደህና ናቸው? እኛ ምስጋና ለእርሱ ይሁን ደህና ነን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። እናትሽ አክስቴ ሽታዬም በጣም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ከሰሞኑ ወዲህ ከሁላችንም ይበልጥ ደህና ናቸው። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ስልክ ስናወራ እናቶቻችን አጠገቤ ተቀምጠው ስለሚያዳምጡ አንቺም እኔም ከ"ደህና ነን" አናልፍም። ስለዚህ በኢሜይል እጽፍልሻለሁ። አንቺም ጊዜ ስታገኚ ረጋ ብለሽ መልሺልኝ።

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ ስንመለስ ሁላችንም እናቴ ቤት ምሳ ላይ ነበርን። አክስቴ ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡና "እስቲ ይቺ ልጅ ማናት?" አሉ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ወንድሜ ፊልሞን "ማስታወቂያ የምትሠራ ናት?" አለ። እጮኛው ሃሴት አንቺን በአካል ስለማታውቅሽ ስልኩን አሳለፈችው። እኔ ጋ ሲደርስ ድልድይ ላይ ቆመሽ አየሁ። ካፖርትሽ ላይ ቀበቶ አስረሻል። ሳያት፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አንቺን ቀበቶ አስረሽ አይቼሽ አላውቅም።

"ሳያት ናት" አልኩ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

"አምና ጨጓራዋን ተሠርታ ነው" አሉ አክስቴ። "ለማንም እንዳትነግሪ ብላኝ ይኸው ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ኖርኩ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉና "ያንቺም እኮ መጀመሪያ ላይ እንዲህ አምሮ ነበር" አሉኝ።

ክፋት የላቸውም፤ እውነታቸውን ነው። ቱርክ ሄጄ ጨጓራዬን ካስቀነስኩ ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ያን ጊዜ እዚሁ አዲስ ከተማ ገበያ ሳልፍ ሰው ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። ሱቄ ውስጥ ካሉት ቬሎዎች ትንሹን ለብሼ ለሙሽሮች አሳይ ነበር። ዛሬ የሄደው ኪሎ ከሞላ ጎደል ተመልሷል። ሙሽሮቹን የማለብሰው ከኋላ ቆሜ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ አብሬ እንዳልታይ።

በአንድ ነገር ብቻ ቅር ብሎኛል። ሰፈር ውስጥ "ሁለቱ ከበሮዎች" ሲሉን አብረን ነበርን፤ ዘፈን አውጥተው ሲከተሉን አብረን ነው የሮጥነው። ይሄን የመሰለ ነገር ስታደርጊ ከሰው ሁሉ ቀድመሽ የምትነግሪው ለእኔ ይመስለኝ ነበር። ይሁን፣ የራስሽ ምክንያት ይኖርሻል።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ማድረግ እንደሚቻል ሰምቻለሁ፤ የመጀመሪያው ሲበላሽ እንደገና ያስተካክሉታል ይላሉ። ሐኪምሽን ጠይቂልኝ። እዚያ መጥቼ የምታከምበት መንገድ ካለም አጣሪልኝ። የፊልሞንና የሃሴት ሰርግ ጥር ላይ ነው። የሙሽራው እህቶች ተብለን አንቺም እኔም አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰን ጎን ለጎን እንቆማለን፤ የምሰፋውም እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።

ባለቤቴ ክብሩ ሰላም ብሎሻል። ፎቶሽን ወደ ስልኩ አስልኮታል።

እህትሽ ሮማን


ጎተንበርግ፣ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሮማን፣

አዲሱን ዓመት ያሳየን አምላክ በረከቱን ለቤትሽ ያብዛው። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ የዚህ አገር ክረምት ሊገባ ሲል አረጋውያኑ አብዝተው ይታመማሉ፣ እኛም እረፍት የለንም።

የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ኦፕራሲዮኑ ያልነገርኩሽ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም። ሰው ከሰማ ይሳካል አይሳካም እያለ ያወራል፤ እሱን ፈርቼ ነው።

አንቺ ግን ለምን ትቸገሪያለሽ? እንዳለሽው ቆንጆ ነሽ። ባል አለሽ፣ ሱቅ አለሽ፣ በከተማው የምትታወቂ ሰው ነሽ። ጠዋት ጠዋት ሐይቅ ዳር ብትራመጂ ለውጥ ታያለሽ። የእኔ ሐኪም የሚያየው እዚህ አገር የሚኖሩትን ብቻ ነው፤ ከውጭ ለሚመጣ ሰው አይሆንም። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል ይላሉ። በጸሎት አስቢበት።

ለሰርጉ እመጣለሁ፣ ጌታ ቢፈቅድ። ስለ ቀሚሱ ብዙ አትጨነቂ፤ አሁን ማንኛውም ነገር ልኬ ይሆናል።

ክብሩን ሰላም በይልኝ።

ሳያት


ሐዋሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሳያት፣

የሩቁን የሚያቀርብ አምላክ ሰላሙን ይስጥሽ። እናቶቻችን ደህና ናቸው፤ ሃሴትና ፊልሞን አዳራሽ ፍለጋ ሐይቅ ዳር ያለውን ሆቴል ሁሉ አዳርሰውታል።

"እንዳለሽው ቆንጆ ነሽ" ያልሽውን አነበብኩ። ሁለት ከበሮ በነበርንበት ጊዜ እንዲህ ተባብለን አናውቅም፤ ያኔ የምንለው "ምን ይሻለናል?" ነበር። እንዲህ ያለ ቃል የሚመጣው አንደኛው ሰው ከጨዋታው ሲወጣ ይመስለኛል። ስለ መራመዱም አመሰግናለሁ። ከቤቴ ሐይቁ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባጃጆች ይነግሩሻል፤ ከማዘናቸው ብዛት ቆመው "ልውሰድሽ?" ይሉኛል።

አንቺ መንገድ ስትዘጊብኝ አዲስ አበባ ሄድኩ። ዶክተር ዮሐንስ የሚባል ሐኪም አለ። ካሜራ በጉሮሮዬ አስገብቶ አየኝ፤ ቀለም አጠጥቶም ራጅ አነሳኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ ተቀመጠ።

"ጨጓራዎ ትንሽ ሰፍቷል፤ ግን ይሄን ሁሉ ኪሎ የመለሰው እሱ ብቻ አይደለም" አለኝ። "እኔን የሚያሳስበኝ ጉሮሮዎ ነው። አሲዱ ወደ ላይ እየወጣ አቁስሎታል። ሌሊት ያቃጥልዎታል?"

"ያቃጥለኛል" አልኩት። ለክብሩ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

"በቀን ምን ይመገባሉ?"

"እንደ ዶሮ ነው የምበላው። እንጀራ ከሁለት ጉርሻ በላይ አይወርድልኝም" አልኩ። ይሄ እውነት ነው። ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ የምጠጣውን የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ፣ ከሙሽሮች የሚተርፈውንም ኬክ አልነገርኩትም። አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ ስለ ምግብ ነው።

ሁለተኛ ኦፕራሲዮን እንደሚቻል ነገረኝ። አንጀቱን ከላይኛው የጨጓራ ክፍል ጋር ያገናኙታል፤ አክስቴ እንደነገሩኝ፣ ላንቺ እንደሠሩልሽ ማለት ነው። ለጉሮሮዬም ይረዳል አለ። ግን መጀመሪያ መድኃኒት ልውሰድ፣ የምግብ ባለሙያ ለስድስት ወር ትከታተለኝ፣ ከዚያ እናያለን አለኝ። "አንዴ የተከፈተ ቦታ ሁለተኛ ሲከፈት አደጋው ይጨምራል። የሚቀንሱትም እንደ መጀመሪያው አይሆንም" አለ።

"እኔ ለጥር ነው የምፈልገው" አልኩት።

"ጥር ላይ ምን አለ?"

"ሰርግ።"

"የእርስዎ?" አለኝ። የወንድሜ መሆኑን ነገርኩትና ወጣሁ።

ቤት ስገባ ክብሩ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ያያል። "ሰው ከቆረጠ ይችላል ማለት ነው። ሳያትን እያት" አለኝ፤ ፎቶሽን ከፍቶ እያሳየኝ። እኔም ቆርጬ እንደነበር፣ በቢላ ተቆርጬም እንደነበር ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። ወጥ ቤት ገብቼ በር ዘጋሁ።

ለቀሚሱ ልክሽን ላኪልኝ፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት። "ማንኛውም ነገር ልኬ ነው" የሚባል ልክ በሜትሬ ላይ የለም።

ሮማን


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሮማን፣

ሰላሙ አይለይሽ፤ እጅሽ የሚነካውን ሁሉ ይባርክ።

የጠየቅሽኝን ልኬን ከታች ጽፌልሻለሁ። ሐኪሙ የነገረሽ ትክክል ይመስለኛል፤ እሱን ስሚው። እማዬ በስልክ ሌላ ነገር ነገረችኝ። አንዲት ወኪል አግኝተሽ ውጭ አገር ክሊኒክ ቀጠሮ ልታስይዝልሽ ነው አለች። እውነት ከሆነ እባክሽ አትሂጂ። እለምንሻለሁ ሮማን። ምክንያቱን በጽሑፍ ማብራራት ያቅተኛል፤ ብቻ አትቸኩዪ። ይሄ ነገር ከውጭ እንደሚታየው አይደለም።

ደረት 88፣ ወገብ 70፣ ዳሌ 96፣ ቁመት 140።

ሳያት


ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሳያት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ አለን።

ልክሽ ደርሶኛል፤ ጨርቁንም ገዝቻለሁ። የወይን ጠጅ ቀለም ሳቲን ነው፤ ሃሴት ናት የመረጠችው።

ወኪሏን በተመለከተ የሰማሽው እውነት ነው። የጠየቀችኝ ኪሎዬንና ፓስፖርቴን ብቻ ነው። ከሰርጉ ሦስት ሳምንት በኋላ እሄዳለሁ። ለሰርጉ አልደረሰልኝም፤ እሱን ያንቺ ይሁን ብዬ ትቼዋለሁ።

"ከውጭ እንደሚታየው አይደለም" ብለሻል። ከውጭ የሚታየውን ግን ወደሽ ለቤተሰቡ ሁሉ ልከሻል። አንቺ ስትሠሪ ደህና የሆነ ነገር እኔ ልሠራ ስል እንዴት አደገኛ ሆነ? ሳያት፣ አንድ ሰሞን እኔ ቀጭን አንቺ ወፍራም ነበርን። ያን ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል ጠፋሽብኝ፤ ስደውልልሽ ሥራ ላይ ነኝ ትዪኝ ነበር። ገብቶኝ ስለነበር አልተቀየምኩሽም። አሁን ተራሽ ነው፤ ተራሽ እንዳያልቅ የምትፈልጊ ይመስለኛል። ከተሳሳትኩ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

በሰላም ያግባሽ። አውሮፕላን ጣቢያ ክብሩ ይቀበልሻል፤ እኔ ሥራ አለብኝ።

ሮማን


ጎተንበርግ፣ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሮማን፣

ሙሽሮቹን በሰላም ያጋባ አምላክ እኛንም በሰላም ያስታርቀን። ደህና ገብቻለሁ። እዚያ እያለሁ አንቺና እኔ ሳንነጋገር ተለያየን። ሰው በዝቶ ነበር፤ ሰው ባይኖርም ግን የምንነጋገር አይመስለኝም። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ አትፍረጂ።

ከሰርጉ ሁለት ቀን በፊት ሱቅሽ ስመጣ "ግቢና ልበሺው" አልሽኝ። መጋረጃውን ዘግቼ ለበስኩት። አንቺ ከውጭ ቆመሽ "ዚፑ እሺ ካላለሽ ጥሪኝ" አልሽ። ዚፑ ግን ያለ ማንም እርዳታ ጥግ ድረስ ወጣ። ትከሻው ተንሸራቶ ወረደብኝ። ስወጣ ከኋላዬ መጥተሽ ጨርቁን ጀርባዬ ላይ ጨበጥሽው፤ እፍኝ ሙሉ ተረፈሽ።

"ልክሽን የላክሽልኝ መቼ ነው?" አልሽኝ።

"ኅዳር ላይ" አልኩሽ።

ቀሚሱን አውልቄ ስገለብጠው ጎኑን አየሁት። ያደግሁት እናትሽ የስፌት መኪና ሥር ነው፤ የተፈታ ስፌት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሳቲን ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ አይደብቅም። የመጀመሪያው መስመር በላክሁልሽ ልክ ነበር። ሁለተኛው መስመር ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። አጥብበሽዋል ሮማን። ዚፑ መሃል ላይ እንዲቆም፣ መጋረጃውን ከፍቼ "አልገባ አለኝ" እንድልሽ ፈልገሽ ነው። ያን ያህል ብታጠብቢውም ሰፋኝ።

ልወቅስሽ አይደለም የጻፍኩት። መስታወቱ ውስጥ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ዕቅዱ ያልሠራለት ሰው ይናደዳል፤ አንቺ ግን ደንግጠሽ ነበር። ያን ምሽት ቁጭ ብለሽ እንደገና ሰፋሽው፤ በማግሥቱ ልኬ ሆኖ አገኘሁት።

የሰርጉ ዕለት እማዬ በሰው ሁሉ ፊት ስታጎርሰኝ አየሽ። አንዱን ጉርሻ ስውጥ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ኬክ። ልጄ ቀጠነችና መብላት ቻለች ብላ ነው፤ ሰው እንዲያይላት። እንደ እኔ የተሠራ ጨጓራ ጣፋጭ አይችልም፤ ኬኩን እንደዋጥኩ ልቤ መምታት ጀመረ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በር ዘጋሁ። ተከትለሽኝ መጣሽ።

"ምን ሆንሽ?" አልሽኝ ከውጭ።

"የመንገድ ድካም ነው።"

"ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ?"

"አልፎ አልፎ።"

"ሳያት፣ በሩን ክፈቺ።"

አልከፈትኩም። አንቺም አልሄድሽም፤ ጫማሽን ከበሩ ሥር አየው ነበር። ውጭ ሙሽሮቹን እየጠሩ ሲያጨበጭቡ አንቺ እዚያው ቆመሽ ነበር። ስወጣ ውኃ ሰጠሽኝ።

ያን ቀን ያልከፈትኩትን በር አሁን ልክፈተው። ፎቶው ላይ ያየሽው ፀጉር የእኔ አይደለም፤ የእኔ ረግፏል። ደም ማነስ አለብኝ። የታዘዙልኝ ቫይታሚኖች አሉ፤ አልወስድም፣ ያወፍራሉ የሚል ሰው ሰምቼ ነበር። ክሊኒኩ ክትትል ብሎ ሲጠራኝ አልሄድም። ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ጨጓራዬ በደንብ ነው የተሠራው፤ ጥፋቱ የሐኪሞቹ አይደለም። መብላት የምችለውን ያህል ስለማልበላ ነው።

ለምን እንደማልበላ ልንገርሽ፤ ይሄ ይከብዳል። እማዬ በደወለች ቁጥር "ሮማን እንደገና ወፈረች፣ ምን ነካት?" ትለኛለች። እሷ ያንን በነገረችኝ ቀን ከሳህኔ ላይ ምግብ እቀንሳለሁ። ምግብ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር የምትመጪብኝ አንቺ ነሽ። እንደ ሮማን እንዳልሆን እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት።

ለምን አልነገርሽኝም ትዪኛለሽ። በነሐሴ የላክሽልኝን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ቀበቶውን ያልሽበትን ቦታ ማለቴ ነው። በሕይወቴ ሰው ቀንቶብኝ አያውቅም ነበር፤ አንቺ ደግሞ ቀናሽብኝ፣ ገበያው ሁሉ ዞር ብሎ ያያት የነበረች ሮማን። እውነቱን ብነግርሽ ታዝኚልኝ ነበር። እኔ የፈለግሁት ኀዘኔታሽን አልነበረም፤ ቅናትሽን ነበር። በታኅሣሥ ተራሽ እንዳያልቅ ትፈልጊያለሽ ስትዪኝ አልተሳሳትሽም። ግን አትሂጂ ስልሽ ለዚያ ብቻ አልነበረም።

ውስጥሽን መርምሮ ያላየ ሰው እንዳይከፍትሽ። ኪሎና ፓስፖርት ብቻ የሚጠይቅ ሰው ስለ ጉሮሮሽ ምን ያውቃል? ዶክተር ዮሐንስ ጋ ተመለሺ። ከዚያ በኋላ ሥሩልኝ ብለሽ ከወሰንሽ ወስኚ፤ አልከለክልሽም።

እኔም ከክሊኒኩ ነርስ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ።

እህትሽ ሳያት


ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሳያት፣

የተሰበረውን የሚጠግን ጌታ ሥጋሽንም ነፍስሽንም ያበርታልኝ። ሁላችንም ደህና ነን። ሃሴት ከእናቴ ጋር ተስማምታ ትኖራለች፤ ፊልሞን ሁለት ሴት አንድ ላይ ሲቆጡት ዝም ማለትን ተምሯል።

የዘገየሁት ስለተቆጣሁ ነው። ሰው ሳህኑ ላይ የሚያስቀምጠው ማስፈራሪያ መሆኔን ማወቅ አመመኝ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሱቅ ውስጥ ነው። አንዲት ሙሽራ መጋረጃው ውስጥ ሆና "እትዬ፣ ነይና ዚፑን ሳቢልኝ" እያለች ትጠራኝ ነበር፤ እኔ ማንበቤን አላቆምኩም። ለሳምንታት ስልክሽን ያላነሳሁት በዚህ ነው።

ቀሚሱን አልክድም። አንቺ ግን አንድ ነገር በበጎ ተርጉመሽልኛል። ጀርባሽ ላይ ያን ጨርቅ ስጨብጥ መጀመሪያ በልቤ የመጣው ድንጋጤ አልነበረም። "ከዚህም በላይ ቀጥናለች!" የሚል ነበር። ቀናሁ ሳያት፤ የትከሻሽ አጥንት መዳፌን እየወጋው እንኳ ቀናሁ። ድንጋጤው የመጣው ቀጥሎ ነው። ማታ ቀሚሱን ዘርግቼ ሳጠብበው መቀሴ ብዙ ጨርቅ ሲያወጣ አየሁና ይሄ ሁሉ ሰው የት ሄደ ብዬ አለቀስኩ።

ወኪሏ ደወለችልኝ። "እህቴ፣ ቀንሽ ደርሷል እኮ" አለች።

"አልመጣም" አልኳት።

"ፈራሽ?"

"አዎ" አልኩ። እንዲህ ብዬ ለሰው መልሼ አላውቅም፤ ቀለለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ዶክተር ዮሐንስ ጋ ክብሩን ይዤ ተመለስኩ። ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ በዚህ ጊዜ ስፕሪሱንም ኬኩንም ነገርኩት። አልገረመውም። "ጨጓራዎ እንጀራና ሥጋ ሲከለክልዎት ሰውነትዎ የሚያልፍለትን መንገድ ፈለገ። ብዙ ሰው ላይ አያለሁ፤ ይሄ ነውር አይደለም" አለኝ። ሌሊት ጉሮሮዬ እንደሚያቃጥለኝ፣ ሁለት ትራስ ደርቤ ቁጭ ብዬ እንደማድር ስናገር ክብሩ ዞሮ አየኝ።

ስንመለስ ሻሸመኔን እንዳለፍን "ያቺን ፎቶ ያሳየሁሽ እንድትበረቺ ብዬ ነበር" አለኝ።

"አልበረታሁም" አልኩት።

"እኔ ያገባሁሽ ያኔ ከበሮ ሳለሽ ነው" አለ መንገዱን እያየ። ክብሩ ከዚህ በላይ አይናገርም፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጠየቅሁትም። ፎቶሽን ከስልኩ አጥፍቶት አየሁ፤ አጥፋው አላልኩትም ነበር።

ውሳኔዬን ልንገርሽ። መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ፤ የምግብ ባለሙያዋም በየሁለት ሳምንቱ ታየኛለች። እንዲህ ከቀጠልኩ መስከረም ላይ ይሠራልኛል፤ ለጉሮሮዬ ስል። ሐኪሙ "ሃያ ኪሎ ከቀነሱ ተሳክቷል እላለሁ" አለኝ። ሃያ ኪሎ ያንቺ ካፖርት ውስጥ አያስገባኝም፤ አስልቼዋለሁ። አንድ ማታ ሙሉ አኩርፌ ነበር። በነጋታው ሱቅ ሄጄ በራሴ ልክ አንድ ቀሚስ ቆረጥኩ፤ ከቀነስኩ አጠብበዋለሁ፣ ካልቀነስኩ እለብሰዋለሁ።

ትናንት አክስቴ ሽታዬ ሱቅ መጥተው ነበር። ወንበር ላይ ሳይቀመጡ "ሳያት ለደሟ በክንዷ መድኃኒት እየሰጧት ነው አለችኝ። ስድስት ኪሎም ጨምራለች። ልጄ ተመልሳ ልትወፍርብኝ ይሆን?" አሉኝ ተጨንቀው።

"ይተዉአት፣ ትጨምር" አልኳቸው። "ደግሞ ስለ እኔ መወፈር አይንገሯት። ምግቧ ይዘጋባታል።"

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም። ግን "እሺ" ብለው ሄዱ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እየሰፋሁ ሳንጎራጉር ራሴን ሰማሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስድስት ኪሎ መጨመርሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ግማሹ ደስታ ስለዳንሽልኝ ነው። የቀረውን ግማሽ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለሌላ ሰው አልነግረውም።

ያንቺው ሮማን